ፒቱታሪ ስትደክም፦ የዕድሜ ልክ መድኃኒትና አወሳሰዱ

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ የምትገኝ የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ ናት። የታይሮይድ ዕጢን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎችና የመራቢያ አካላትን የምታዝዘው እሷ ናት። እሷ ስትጎዳ ሌሎቹ ጤነኛ ቢሆኑም ትእዛዝ ስለማይደርሳቸው ሥራቸውን ያቆማሉ።

ጉዳቱ ከዕጢዋ በሚነሳ እባጭ፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊመጣ ይችላል። ወላዶች ብዙ ደም በሚፈሳቸው አገሮች ግን ሌላም ምክንያት አለ። በእርግዝና ጊዜ ፒቱታሪ ትገዝፋለች፤ በወሊድ ሰዓት ደም በብዛት ፈስሶ ግፊት ሲወርድ ደም ያጣችው ዕጢ ልትሞት ትችላለች። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሺሃን በ1937 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው ሕመሙ በስሙ ይጠራል። በወለጋ ከነጆ ወይም ከመንዲ ገጠር ተነስታ ጊምቢ ወይም ነቀምቴ ሆስፒታል እስክትደርስ ደም የሚፈሳት እናት ሕይወቷ ቢተርፍ እንኳ ይህ ጉዳት ሊከተላት ይችላል።

የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ የጡት ወተት አለመምጣት ነው። ከዚያ የወር አበባ ይቀራል፣ የብብት ፀጉር ይረግፋል፣ ብርድ አይቻልም፣ ሲነሱ ያዞራል። ሁሉም በደም ማነስ ወይም በድካም ስለሚመካኝ እውነተኛው መንስኤ ዓመታት አልፈው ሊታወቅ ይችላል። ሐኪሙ «በወሊድ ጊዜ ደም ፈስሶሽ ነበር ወይ? ልጅሽን አጥብተሻል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ መንገድ ይቆጥባል።

እንቅርት ለወለጋ ሰው እንግዳ ስላልሆነ የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዛል። በፒቱታሪ ድካም ግን ቲኤስኤች የተባለው፣ ፒቱታሪ ታይሮይድን የምታዝበት ሆርሞን ቁጥር ደህና መስሎ ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ነፃ ቲ4 የተባለው የታይሮይዱ የራሱ ሆርሞን መታየት አለበት፤ በኋላም መድኃኒቱ የሚመጠነው በእሱ ነው።

በሕክምናው ቅደም ተከተል ቀልድ የለም። መጀመሪያ የሚተካው የአድሬናል ዕጢዎች ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ የሆነው ሌቮታይሮክሲን ቀድሞ ከተጀመረ ሰውነት የቀረችውን ጥቂት ኮርቲሶል ፈጥኖ ጨርሶ ታማሚው ሊወድቅ ይችላል። ሃይድሮኮርቲሶን የተባለው የስቴሮይድ ኪኒን ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም ተከፋፍሎ ይወሰዳል። ካልተገኘ በየፋርማሲው የሚሸጠው ፕሬድኒሶሎን ከ3 እስከ 5 ሚሊግራም ጠዋት አንድ ጊዜ ሊተካው ይችላል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው።

ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጣል። ቡና በሚፈላበት አገር ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደናቅፋልና አቦሉ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ለአንድ ሰዓት ይቆያል። ለወላድ የሚሰጠው የብረት ኪኒን ደግሞ ከእሱ በአራት ሰዓት ልዩነት ይወሰድ።

ከ50 ዓመት በታች ላሉ ሴቶች ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ይታከላሉ፤ አጥንትንም ይጠብቃሉ። ለወንዶች ቴስቶስትሮን ይሰጣል። የዕድገት ሆርሞን ውድ ስለሆነ ለአዋቂ ብዙም አይታሰብም።

ትልቁ አደጋ ያለው በሕመም ቀን ነው። ጤነኛ ሰው ሲያተኩሰው ኮርቲሶሉ ራሱ ይጨምራል፤ የዚህ ታማሚ ሰውነት ግን ያን አይችልም። ስለዚህ ወባ ወይም ሌላ ትኩሳት ሲይዘው የኮርቲሶል ኪኒኑ እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ይደረጋል። ተቅማጥና ማስታወክ ከያዘው የተዋጠው ስለማይቀር ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ መወጋትና ግሉኮስ ሳይቀር ፈሳሽ መውሰድ አለበት። «ትንሽ ልተኛና ይሻለኛል» ብሎ ማደር ሕይወት ያስከፍላል። ጾም ያሰበም ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይመካከር፤ ኪኒኑን ግን በምንም ምክንያት አያቋርጥ።

ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ አይከፈትም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ ኪኒን መቀመጥ አለበት። በኪስ የምትያዝ ወረቀትም ታስፈልጋለች፤ የሕመሙ ስም፣ የሚወሰደው መድኃኒትና «ከታመመ ስቴሮይድ በመርፌ ይሰጠው» የሚለው ቃል በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍባት። ቤተሰቡም ወረቀቷ የት እንዳለች ይወቅ፤ ታማሚው ራሱን ሲስት ለሐኪሙ የሚያሳያት ሌላ ሰው ነውና።