የተወዛዋዦች የወገብ ሕመም፦ መድረኩን መተው ግድ ነውን?

እስክስታን ከሩቅ የሚያይ ሰው የትከሻ ጨዋታ ብቻ ይመስለዋል። ትከሻና ደረት በፍጥነት ሲርገፈገፉ ግን ሸክሙን ተሸክሞ የሚጸናው ወገብ ነው። በባህል ምግብ ቤቶች የሚሠሩ ተወዛዋዦች ደግሞ በአንድ ምሽት የጎጃሙን እስክስታ፣ የጉራጌውን ዝላይና የወላይታውን የወገብ ውዝዋዜ ያከታትላሉ፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ልብስ ለመለወጥ እንኳ እምብዛም አይበቃም።

የታችኛው ወገብ አምስት አከርካሪዎች አሉት። በየመካከላቸው ውስጡ ለስላሳ፣ ዙሪያው ጠንካራ የሆነ ዲስክ የሚባል ትራስ ይገኛል። ዙሪያው ሲሰነጠቅ ውስጡ ወደ ውጭ ገፍቶ ነርቭ ይጫናል፤ ሕመሙም ከመቀመጫ እስከ እግር ይወርዳል። በተለምዶ «የዲስክ መንሸራተት» ይባላል፤ አባባሉ ግን ያሳስታል፤ ዲስኩ ከቦታው አይንሸራተትምና። ወደ ኋላ አዘውትረው በሚለጠጡ ወጣት ተወዛዋዦች ላይ ሌላም ችግር ይታያል፦ በድግግሞሽ ብዛት የአከርካሪው የኋላ አጥንት ይሰነጠቃል። ይህኛው ወደ ኋላ ሲለጠጡ ይብሳል፤ ለመዳንም የወራት ዕረፍት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ሳይለዩ በግምት መታከም አይገባም።

አብዛኛው የዲስክ ሕመም ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ መተኛት ጡንቻን ስለሚያደክም አይመከርም፤ ሕመሙ በፈቀደ መጠን መራመድ ይሻላል። ቀጥሎም በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየታገዙ የሆድ፣ የጀርባና የመቀመጫ ጡንቻዎችን ማጠንከር ያስፈልጋል። ወደ ውዝዋዜ ሲመለሱ በዝግታና በትንሽ እንቅስቃሴ ይጀመራል፤ ዝላይና ወደ ኋላ መለጠጥ በመጨረሻ ይመጣሉ። ሕመሙ እንደገና ወደ እግር መውረድ ከጀመረ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

ክፍያው በምሽት የሚታሰብለት ተወዛዋዥ ሕመሙን በማስታገሻ ሸፍኖ መድረክ ላይ ቢወጣ አያስገርምም። ነገር ግን ማስታገሻው የሚያጠፋው ማስጠንቀቂያውን እንጂ ጉዳቱን አይደለም። ወገብን በወጌሻ ማስጠምዘዝም የተጎዳውን ነርቭ ሊያባብስ ይችላል።

ሽንትን መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መካከል መደንዘዝ ከተሰማ ወይም እግር ከዛለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ያስከትላልና።