ሳይለዩ ማቅለጥ

በጋምቤላ ከተማ ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት የታሸገ ውኃ ፈላጊው ብዙ ነው። ውኃው ከተጠጣ በኋላ፣ በተለምዶ «ሃይላንድ» የሚባለው ባዶ ጠርሙስ አንዳንዱ ለዘይት ወይም ለወተት መያዣ ይሆናል። ሌላው ግን ከጥቁር ፌስታልና ከተሰበረ ጀሪካን ጋር በየቦዩ ይጣላል። ክረምት ሲገባም ጎርፍ ጠርጎ ወደ ባሮ ወንዝ ያወርደዋል። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ የሶባትን ወንዝ ይፈጥራል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ በአንድ ቦይ የተጣለ ፕላስቲክ ጉዳቱ በዚያው ሰፈር አይወሰንም።

ታዲያ ሁሉንም ሰብስቦ አቅልጦ እንደገና መሥራት አይቻልምን? አይቻልም፤ ምክንያቱም የፕላስቲክ መጠሪያው አንድ ቢሆንም ዓይነቱ ብዙ ነው። የውኃው ጠርሙስ የሚሠራው ፔት ከሚባለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ ክዳኑ ከፖሊኢቲሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን፣ ብዙው የውኃ ቧንቧ ደግሞ ከፒቪሲ ይሠራል። ፔት የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ፒቪሲ ግን በዚህ ሙቀት ይፈራርስና አሲድ ያወጣል። እንክርዳድ ያልተለቀመለት እህል እንጀራውን እንደሚያበላሽ ሁሉ፣ ጥቂት ፒቪሲም ብዙ ፔት ያበላሻል።

በታላላቅ ፋብሪካዎች ይህን የመለየት ሥራ የሚያከናውን መሣሪያ አለ። ቆሻሻው በሚንቀሳቀስ ሰፊ ጠፍር ላይ ሲያልፍ፣ ኢንፍራሬድ የሚባል ለዓይን የማይታይ ጨረር ይበራበታል። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ዓይነት ከጨረሩ የተወሰነውን ክፍል ውጦ ሌላውን ይመልሳል። መሣሪያው ከተመለሰው ጨረር ዓይነቱን ያውቃል፤ የተፈለገውንም በኃይለኛ አየር እፍ ብሎ ወደየክፍሉ ይጥለዋል።

ይሁን እንጂ ጥቁር ፕላስቲክ ለዚህ መሣሪያ አስቸጋሪ ነው። ጥቁር ቀለም የሚሰጠው ጥላሸት መሰል የካርቦን ዱቄት ጨረሩን ከሞላ ጎደል ስለሚውጠው፣ ወደ መሣሪያው የሚመለስ ምልክት የለም። ጠፍሩም ጥቁር በመሆኑ ዕቃው ጨርሶ የሌለ ይመስላል።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ ውኃ ነው። የውኃ እፍግታ በኩብ ሴንቲ ሜትር 1 ግራም ነው። ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከዚህ ስለሚያንሱ ቀለማቸው ምንም ቢሆን ይንሳፈፋሉ፤ ፔት 1.38 ገደማ ስለሆነ ይሰጥማል። ፒቪሲም እንደ ፔት ስለሚሰጥም ሁለቱን ውኃ አይለያቸውም። በዚህ ጊዜ በፒቪሲ ውስጥ ያለውን ክሎሪን የሚያሳይ የኤክስሬይ መሣሪያ ያስፈልጋል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። የጠርሙሱና የጀሪካኑ ጉዳይ ግን ገና ሥራ ይጠይቃል። ከጋምቤላ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የተደባለቀ ቆሻሻ ይህን ያህል መንገድ ቢጓጓዝ ዋጋው የጭነቱን ወጪ አይሸፍንም፤ በየዓይነቱ የተለየ ፕላስቲክ ግን ገዢ ሊያገኝ ይችላል።

ለመለየት ደግሞ የግድ ውድ መሣሪያ አይጠበቅም። ከአንድ ጠርሙስ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ ከክዳኑ ቁራጭ ጋር በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ክተቱና በጣታችሁ ወደ ታች ተጫኑ። ክዳኑ ተመልሶ ይንሳፈፋል፤ የጠርሙሱ ቁራጭ ከታች ይቀራል። ትልቁ ፋብሪካ የሚሠራበት ሕግም ይኸው ነው።