«ዳነ» የምንለው መቼ ነው? ስለ አፍ ቀዶ ሕክምና ፈውስና ስለ ውጤቱ አለካክ



ለዛሬው ገለጻ የመረጥኩት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ጥርሱን ያስነቀለ፣ የተሰበረ መንጋጭላው የታሰረለት ወይም የተሰነጠቀ ከንፈሩ የተሰፋለት ሰው «ዳነ» የምንለው መቼ ነው? ሐኪሙ «ቁስሉ ሲገጥም» ይላል። ታካሚው «ሕመሙ ሲለቀኝ» ይላል። እናት ደግሞ «ልጄ እንደ እኩዮቹ ሲናገር» ትላለች። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ መስክ የሚደረግ ምርምር ሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መወሰን አለበት፤ ምን እንለካለን? መቼ እንለካለን? በማን ላይ እንለካለን? ዛሬ አጥብቄ የምይዘው የመጨረሻውን ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርሱ ነውና።

በጣም ከተለመደው እንጀምር። ጥርስ ሲነቀል በአጥንቱ ውስጥ ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። ይህ የረጋ ደም የፈውሱ መሠረት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቃቅን የደም ሥሮችና አዲስ ለስላሳ ሥጋ ወደ ውስጡ እያደጉ ቦታውን ይተካሉ። ድዱም ከዳር ወደ መካከል እያደገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጉድጓዱን ይሸፍነዋል። አጥንቱ ግን አይቸኩልም። ጉድጓዱ በአዲስ አጥንት እስኪሞላ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል፤ በራጅ ሲታይ ከአካባቢው አጥንት ጋር እስኪመሳሰል ደግሞ ከ4 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። እንግዲህ በሳምንቱ «ድኛለሁ» የሚለው ታካሚ ስለ ሕመሙ እውነቱን ነው፤ አጥንቱ ግን ገና በሥራ ላይ ነው።

ይህ ሂደት ከሚሰናከልባቸው መንገዶች ዋነኛው ሐኪሞች «ድራይ ሶኬት» ወይም ደረቅ ጉድጓድ የሚሉት ነው። ስለዚህ ችግር እ.ኤ.አ. በ1896 ክሮፎርድ የተባለ የጥርስ ሐኪም ጽፏል። የረጋው ደም ያለጊዜው ሟሙቶ ወይም ወጥቶ አጥንቱ ሲራቆት፣ ከተነቀለ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ጆሮ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመምና መጥፎ የአፍ ጠረን ይመጣል። ሲጋራ ማጨስ፣ አስቸጋሪ ነቀላና የወሊድ መከላከያ እንክብል አጋጣሚውን ከፍ ያደርጋሉ። በተለመደው ነቀላ ከመቶ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ በታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ላይ ግን እስከ 30 ከመቶ ያገኙ ጥናቶች አሉ። ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል ሰፋ? አንዱ ምክንያት ጥርሶቹ ስለሚለያዩ ነው። ሌላው አጥኚዎቹ «ደረቅ ጉድጓድ» የሚሉትን በአንድ ዓይነት ባለመበየናቸውና ታካሚውን በተለያየ ቀን በማየታቸው ነው። በ3ኛው ቀን ያየና በ10ኛው ቀን ያየ ሐኪም አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያገኙ አይችሉም።

አሁን ወደ «በማን ላይ» እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታደሰው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ጥርስ ሲነቀል አስቀድሞ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ያለውን ጥቅም መርምሯል። የመጨረሻውን መንጋጋ ጥርስ ከሚያስነቅሉ ጤነኛ ሰዎች መካከል አንድን ሰው ከኢንፌክሽን ለማዳን 19 ያህል ሰዎች መድኃኒቱን መውሰድ እንዳለባቸው አስልቷል። ከዚህ የተነሣ ለጤነኛ ሰው ሁሉ በልማድ አንቲባዮቲክ ማዘዝ ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎችንም ያበዛል። ይሁን እንጂ ግምገማው አንድ ክፍተት አመልክቷል። እጅግ በተበላ ጥርስ ወይም በድድ በሽታ ምክንያት የሚያስነቅሉ ሰዎችን እንዲሁም የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችን የሚመለከት ጥናት አላገኘም። በገጠር ጥርሱን ይዞ የሚመጣው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተበላ ጥርስ ያሠቃየው ነው። እንግዲህ በዓለም የታወቀው ማስረጃ ስለዚህ ሰው ገና ዝም ብሏል።

ዝምታው በሩቅ አገር ጥናት ብቻ የተወሰነ አይደለም። በራሳችን ክሊኒክ ውስጥም አለ። ለምሳሌ ያህል እናስላ። 100 ሰዎች ጥርሳቸውን አስነቀሉ እንበል። በቀጠሮው ቀን 60ዎቹ መጡ፤ ከእነርሱ 6ቱ ደረቅ ጉድጓድ ነበረባቸው። «ችግሩ 10 ከመቶ ነው» ብለን ልንጽፍ እንችላለን። የቀሩት 40 ሰዎች ሁሉ ድነው ከሆነ ግን እውነተኛው ቁጥር 6 ከመቶ ነው። ሁሉም ታመው ሌላ ቦታ ሄደው ከሆነ 46 ከመቶ ይሆናል። እውነቱ በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ነው፤ የት እንደሆነ የሚነግሩን ያልመጡት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ከኩታበር ደሴ ያለው መንገድ በመኪና ረጅም አይደለም። ከሩቅ ቀበሌ በእግር ተነሥቶ መኪና ለሚጠብቅ ሰው ግን የአንድ ቀን ሥራ፣ የመጓጓዣ ገንዘብና አንዳንዴም የገበያ ቀን ማለት ነው። የተሻለው «ድኛለሁ፣ ምን አደክመኝ» ይላል። ያልተሻለው ወደ ቅርብ መድኃኒት ቤት ወይም ወደ ጸበል ይሄዳል። ሁለቱም በካርዳቸው ላይ አንድ ዓይነት ባዶ መስመር ይተዋሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን ባዳረሰ ጊዜ ሆስፒታሎች መዘረፋቸውንና መጎዳታቸውን ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ጊዜ የሚያጠፋው ዕቃን ብቻ አይደለም፤ በሐኪምና በታካሚ መካከል ያለውን የክትትል ክርም ይበጥሳል።

የክትትሉ ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በከንፈርና በላንቃ መሰንጠቅ ላይ ነው። በዓለም ደረጃ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ይህ ችግር ኖሮበት ይወለዳል። በአገራችን በአዲስ አበባ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ሕክምና ይታወቃል። ከንፈሩ ሲሰፋ ለውጡ ወዲያው ስለሚታይ ቤተሰብ ይደሰታል፤ ደስታውም ተገቢ ነው። የላንቃው ቀዶ ሕክምና መሳካቱ ግን የሚታወቀው ልጁ አፍ ፈትቶ ቃላትን ሲያጠራ ነው። የድዱ አጥንት ክፍተት ካለው ደግሞ ከ8 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ክራንቻ ጥርሱ ከመውጣቱ በፊት፣ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት 5 እና 12 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ፈልጎ አየ። ውጤቱ ዝቅተኛ ሆኖ በመገኘቱ በ57 ማዕከላት ተበታትኖ የነበረው ሕክምና በጥቂት ማዕከላት እንዲሰበሰብ ሆነ። ያ ለውጥ የመጣው ልጆቹ ከዓመታት በኋላም ሊገኙ በመቻላቸው ነው።

ስለዚህ ለባለሙያዎችና ለተማሪዎቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሰባተኛው ቀን የሚመጣን ሰው ብቻ አንጠብቅ፤ በሦስተኛው ቀን ስልክ እንደውል። ሕመሙ ቀንሷል ወይስ ብሷል? እብጠት ወይም ትኩሳት አለ? አፍዎ በደንብ ይከፈታል? እነዚህ ጥያቄዎች ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳሉ። ስልክ ለሌለው ሰው የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መልእክተኛ ልትሆን ትችላለች። በምርምር ጽሑፋችንም የመጡትን ብቻ ሳይሆን የቀሩትንም ቁጥር በግልጽ እናስፍር።

ለእናንተ ለነዋሪዎች ደግሞ ይህን እላለሁ። ጥርስ ካስነቀላችሁ በኋላ ፋሻውን ለግማሽ ሰዓት ያህል አጥብቃችሁ ንከሱ። በመጀመሪያው ቀን አትጉመጥመጡ፣ በኃይልም አትትፉ፤ የረጋው ደም እንዳይነሣ ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ጨው ባለበት ለብ ያለ ውሃ ቀስ ብላችሁ ተጉመጥመጡ። ሲጋራም ጫትም ቁስሉ እስኪጠግግ ይቅሩ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ከጾሙ ጋር ሊያስማማላችሁ ይችላል። መዋጥ ወይም መተንፈስ የሚከለክል እብጠት፣ ትኩሳት፣ የማይቆም ደም ወይም አፍ አልከፈት ማለት ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

በመጨረሻም፣ ከዳናችሁም እንደዳናችሁ ንገሩን። ቀጠሮ አክብሮ መምጣት ወይም በስልክ «ደህና ነኝ» ማለት ለሐኪሙ የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደለም። ነገ ከዚሁ ከኩታበር ለሚመጣው ታካሚ የትኛው ሕክምና እንደሚሻለው የምናውቀው በዚህ ብቻ ነው።