ባለ ሁለት በሯ ሴሊካ፦ ተመልካቿ ብዙ፣ ገዢዋ ጥቂት

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ አንዲት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ለሽያጭ ስትቀርብ የደላላው ጥያቄ አጭር ነው። የስንት ዓመተ ምሕረት ሥሪት ናት? ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳች? ሊብሬው በማን ስም ነው? መልሱን እንዳገኘ ስልኩን አንስቶ ገዢ ማፈላለግ ይጀምራል። ባለ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ ስትመጣ ግን ነገሩ ይለያል። ደላላው መጀመሪያ ዙሪያዋን ይዞራል፤ ጎረምሶች ይሰበሰባሉ፤ ኮፈኑ ይከፈታል፤ ፎቶ ይነሳል። ዋጋ ጠያቂ ይበረክታል። ቀብድ ይዞ የሚመለሰው ግን ከጠያቂው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ሴሊካ የተባለው የመኪና ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተጀምሮ ሰባት ትውልድ ከቆጠረ በኋላ ምርቱ በ2006 ተቋርጧል። ወጣት ነጋዴዎች ዓይናቸውን የሚጥሉባት የመጨረሻዋ፣ ማለትም ከ1999 በኋላ የተሠራችው ሹል አፍንጫ ያላት ሴሊካ ናት። ከተማችን ውስጥ ብዙ አትታይም፤ ከእንግዲህም አትበዛም። ምክንያቱን ለማወቅ የታክስ ሕጉን ማየት ይበቃል።

ቀድሞ በሥራ ላይ በነበረው የኤክሳይዝ ሕግ ታክሱ በሞተር መጠን ብቻ ይለይ ነበር። የሴሊካ ሞተር ከ1800 ሲሲ ጥቂት ዝቅ ስለሚል በመካከለኛው እርከን፣ በ60 በመቶ ታልፍ ነበር። እንዲያውም የስፖርት መኪና ሆና እንደ ቤተሰብ መኪና መታየቷ አንዱ ማራኪነቷ ነበር ማለት ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ግን የአገልግሎት ዘመንን ከሞተር መጠን ጋር አጣምሮ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ምርቷ የቆመ መኪና ደግሞ በየዓመቱ ከማርጀት ሌላ ምርጫ የላትም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ በሩ ጨርሶ ተዘጋ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያሉት ሴሊካዎች ያሉት ብቻ ናቸው።

አቅርቦት ሲቆም ዋጋ ይወጣል የሚለውን ትምህርት ሁሉም ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጥሬ ብር ታቅፎ መቀመጥን የፈራ ሁሉ ወደ ቤት፣ ወደ መሬትና ወደ መኪና ማየቱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ንብረት ሆኖ የሚቀመጥ መኪና አንድ ባሕርይ ሊኖረው ይገባል፤ በተፈለገ ጊዜ በፍጥነት ወደ ጥሬ ገንዘብ መለወጥ። ኮሮላ ይህ ባሕርይ አላት። ሴሊካ የላትም። ባለ አራት ልጅ አባወራ አይገዛትም፤ የመሥሪያ ቤት ኪራይ አትገባም፤ ለትራንስፖርት ድርጅት አትሠራም። የቀረው ገዢ በጥሩ ዓመት የተሳካለት ወጣት ነጋዴና ጥቂት የመኪና ፍቅር ያለው ሰው ነው። ይህ ገዢ እስኪገኝ ሻጩ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። ዕቃ ለማስጫን ገንዘብ በአስቸኳይ የሚያስፈልገው ነጋዴ ሴሊካውን ይዞ ገበያ ከወጣ ደላላው ችግሩን ከፊቱ ያነብበዋል፤ ዋጋውም እዚያው ይሰበራል።

ይህን ሁሉ ሰምቶም የሚገዛ ይገዛል። ለእርሱ የሚጠቅመው ስለ ሞተሩና ስለ ቴፑ አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ ገንዘቡ የሚፈስሰው በእነዚህ በሁለቱ ነውና።

ሴሊካ ሁለት ዓይነት ሞተር አላት። ለአሜሪካ ገበያ በወጣችው ላይ ጂቲ የምትባለው «ዋን ዜድ ዜድ» የተሰኘውን 140 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተር፣ ጂቲ-ኤስ የምትባለው ደግሞ «ቱ ዜድ ዜድ» የተሰኘውን 180 የፈረስ ጉልበት ያለውን ይዛለች። ከጃፓን ገበያ የወጡት ሻንሲያቸው ላይ ዜድ ዜድ ቲ 230 ከተጻፈ የመጀመሪያው፣ 231 ከተጻፈ ሁለተኛው ሞተር ነው። ከኋላ የተለጠፈ ጽሑፍ በማንኛውም የመኪና ጌጥ ሱቅ ስለሚገኝ ዋጋ የሚከፈለው በሻንሲ ቁጥሩ እንጂ በጽሑፉ መሆን የለበትም።

አዲሱ ባለቤት በመጀመሪያው ሳምንት የሚያነሳው ቅሬታ የታወቀ ነው፤ መኪናዋ አትጎትትም። የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች። ወደ ጋራዥ ይወስዳታል፤ ካንዴላ ይቀየራል፤ የነዳጅ ማጣሪያ ይቀየራል፤ ኢንጀክተር ይታጠባል፤ ማርሚታው ይፈታል። ሂሳቡ ይከፈላል፤ መኪናዋ ግን ያው ናት። ችግሩ መኪናዋ ውስጥ ሳይሆን ከተማው ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው። ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው ነዳጅ በሚስበው አየር ልክ ነው። በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ እስከ ሩብ የሚሆነውን ያጣል። 140 ተብሎ የተገዛው ሞተር እዚህ የሚሰጠው ከ105 እስከ 112 ያህል ነው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የነዳጁን መጠን አስተካክሎ ሞተሩ በደንብ እንዲነድ ያደርጋል እንጂ የሌለ አየር አያመጣም። ይኸው ሰው ቅዳሜ በአዳማ የፍጥነት መንገድ ወርዶ ወደ አዋሽ ሲቀጥል ሞተሩ የተቀየረ ይመስለዋል። ሰኞ አዲስ አበባ ሲመለስ መካኒኩን ይወቅሳል።

ይህን ዕውቀት ለዋጋ ክርክር የሚጠቀሙበትም አሉ። ገዢ «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ ዋጋ ሲሰብር፣ ሻጩም ከፍታውን የማያውቅ ከሆነ አምኖ ይቀንሳል። በተቃራኒው በእርግጥም የደከመ ሞተር «አየሩ ነው» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የሲሊንደሮችን ግፊት ማስለካት ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ካሳዩ አየሩ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ከሌሎቹ ወርዶ ከተገኘ ግን ከፍታው አንዱን ሲሊንደር ለይቶ አይመታምና ጉዳዩ የሞተሩ ነው።

እውነተኛው የዋን ዜድ ዜድ በሽታ ዘይት መብላት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ሞተሮች ፒስቶን ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች አነስተኛ ስለነበሩ ፋሻዎቹ በተቃጠለ ዘይት ይጣበቃሉ፤ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ይነዳል። በኋላ ፋብሪካው ፒስቶኑን አሻሽሎታል። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት የሚጨርስ ሞተር ያለው ሻጭ ብዙውን ጊዜ ይህን ያውቃል፤ ለሽያጭ ከማቅረቡ በፊትም ወፍራም ዘይት ይሞላል፣ ጭሱ ለጥቂት ቀናት ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መኪናዋን በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ማየት፤ ቀጥሎም ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ያለ ነዳጅ መውረድና ከታች ሲደርሱ በኃይል መርገጥ። በዚያች ቅጽበት ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ ክርክሩ ስለ ሞተር ማውረድ ዋጋ ይሆናል። ከእንጦጦ ወደ ከተማው የሚወርደው መንገድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። የሚያጽናናው፣ ይኸው ሞተር በአንዳንድ ኮሮላዎችና በሌሎችም ቶዮታዎች ላይ ስላለ ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃ መፈለግ ተስፋ የሚያስቆርጥ አለመሆኑ ነው። የሞተሩ ዕቃ ይገኛል፤ የማይገኘው የበሩ መስታወት፣ የፊት መብራቱና ፓራውልቱ ነው። አንድ ግጭት ባለቤቱን ከውጭ አገር ዘመድ ጋር ለወራት ሊያጻጽፈው ይችላል።

ቱ ዜድ ዜድ ሌላ ታሪክ ነው። ይህ ሞተር ከ6,000 ዙር በላይ ሲደርስ ባልቦላዎቹን ይበልጥ ወደሚያነሳ ሁለተኛ ካም ይሸጋገራል፤ ድምፁም በአንድ ጊዜ ይለወጣል። 180 የሚባለው ጉልበት ያለው ከዚያ በላይ ነው። ከዚያ በታች ከወንድሙ ብዙም አይሻልም። ከመገናኛ ቦሌ በሰልፍ የሚሄድ ሰው በዓመት ስንት ጊዜ 6,000 ዙር ይደርሳል? ከዚህም ሌላ የሞተሩ የጭመቃ ምጣኔ 11.5 ለ1 ስለሆነ ፋብሪካው የሚመክረው ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ነው። የእኛ ማደያ ግን የትኛውን ልቅዳ ብሎ አይጠይቅም። ስሱ አየር እዚህ ላይ ይረዳል፣ ሞተሩ የመንኳኳት ዕድሉን ይቀንሳልና። ቆላ ወርዶ በሙሉ ጉልበት የሚነዳ ግን ጆሮውን ቢያነቃ ይሻላል። ገዢው በሁለተኛ ማርሽ ከ6,000 ዙር አሳልፎ የድምፁን ለውጥ ካልሰማ የካሙ መቀየሪያ አይሠራም፤ በቀድሞዎቹ ሞተሮች ላይ የዚህ ክፍል ቡሎኖች ማለቃቸው የታወቀ ነው። ለማይሠራ ካም የጂቲ-ኤስ ዋጋ መክፈል ለታሸገ ሳጥን መክፈል ነው።

አሁን ወደ ቴፑ። ከጃፓን ገበያ የወጣች መኪና ሬዲዮዋ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ከዚያ ውጭ ናቸው። ከአሜሪካ የመጣችው ደግሞ የምትቆጥረው በጎዶሎ አሥረኛ ብቻ ስለሆነ እነዚህን ሁሉ ትይዛለች፤ ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8 ላይ ግን ባለቤቱ 107.7 ወይም 107.9 ላይ ቆሞ ይሰማል። ስለዚህ ቴፕ መቀየሩ ቅንጦት ብቻ አይደለም። ስክሪን ያለው፣ ስልክ የሚያገናኝ ቴፕ መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ወጪው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስክሪኑ ሲገባ ስፒከሩ ያንሳል፤ ስፒከሩ ሲቀየር አምፕሊፋየር ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ የኋላው ሻንጣ በባዙካ ይሞላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 2,000 ዋት የቅጽበት ቁጥር ነው፤ የሚታየው ያለማቋረጥ የሚሰጠው ዋት ነው። በእርግጥ 500 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር በሙሉ ጉልበቱ እንደ ዓይነቱ ከባትሪው ከ60 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ሙዚቃ ሁልጊዜ ሙሉ ጉልበት ባይጠይቅም፣ መኪናዋ በሰልፍ ቆማ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲዞር ዲናሞው የሚያመርተው ከአቅሙ በጣም ያነሰ ነው። መብራትም ማራገቢያም በርተው ባሱ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ደብዘዝ ካለ ባትሪው እየከፈለ ነው። በዚህ አኳኋን የሚሠራ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል፤ የባትሪ ዋጋ ደግሞ ከዶላር ጋር ይወጣል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው ገመዱ ነው። ከባትሪ ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ገመድ ወፍራም መሆንና ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። ፊውዝ የሌለው ገመድ በላሜራ ጠርዝ ተፍቆ ከተላጠ የሚቀጥለው እሳት ነው። ማሳው፣ ማለትም ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰረው ገመድ፣ ቀለሙ ያልተፋቀ ቦታ ላይ ከታሰረ ሞተሩ በጨመረ ቁጥር ስፒከሩ አብሮ ያፏጫል። ጥሩ ድምፅ ለሚፈልግ ደግሞ ርካሹ መንገድ ሌላ ነው፤ በመጀመሪያ የበሮቹን ውስጥ በድምፅ መከላከያ ንጣፍ ማልበስ፣ ቀጥሎ የፊት ሁለት ስፒከሮችን ብቻ መቀየር። የሴሊካ በር ትልቅና ስስ ላሜራ ስለሆነ ለውጡ በግልጽ ይሰማል። ይህን የሚመክር ሻጭ ግን ብዙ አይገኝም፤ ንጣፍ እንደ ባዙካ አያተርፍምና።

ለደላላ ደግሞ የተቆረጠ ሽቦ የዋጋ መስበሪያ ነው። በቴፕ ላይ የወጣው ገንዘብ መኪናዋ ስትሸጥ ተመልሶ አይመጣም። ነባሩን ሶኬት ሳይቆርጥ በመገናኛ ያስገጠመ፣ የፋብሪካውን ቴፕና ስፒከሮች በካርቶን ያስቀመጠ ባለቤት ሲሸጥ አዲሱን ነቅሎ ለብቻው ሊሸጠው ይችላል፤ መኪናዋም ባልተነካካ ዋጋ ትሄዳለች።

የመኪናዋን ዝቅታ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ የሞተር ዘይት ኮፓው የተመታበት ሁሉ ያውቀዋል። የኋላ ወንበሯም ሕፃን ወይም ቦርሳ ያስቀምጣል።

የቀረው ነገር ነዳጅና ኤሌክትሪክ ነው። በ2017 ዓ.ም. የቤንዚን ሊትር ከ100 ብር አልፏል። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አይነካውም። ቀይ መብራት ላይ ከሴሊካ ጎን የቆመች ባለ አራት በር የኤሌክትሪክ መኪና ዳገቱን ቀድማ ስትወጣ ማየት ለስፖርት መኪና ባለቤት የማይዋጥ ነገር ነው፤ የሚቀጥለውም ገዢ ይህንን አይቷል። የሴሊካ ዋጋ ከእንግዲህ የሚቆመው በፍጥነቷ ሳይሆን በብርቅነቷ ነው። ብርቅ ነገር ደግሞ የሚሸጠው ንጹሕ ሲሆን ነው። በዚህ ገበያ የተሻለ ዋጋ ሊጠይቅ የሚችለው ዘይቱ በየስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ በደብተር የያዘ፣ ሽቦው ያልተነካ፣ ሊብሬው በራሱ ስም የሆነ ሻጭ ነው። በሦስተኛ ሰው ውክልና የምትሸጥ፣ ሻንጣዋ በባዙካ የተሞላ፣ ጠዋት ስትነሳ የምታጨስ ሴሊካ ያለው ደግሞ የደላላውን 2 በመቶ ከፍሎ በእጁ የሚቀረውን አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።