ፍርሃትና ምጥ

ነፍስና ሥጋ ባንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ሲደነግጥ ሌላው ተረጋግቶ አይቀመጥም። ፈተና የሚጠብቅ ተማሪ ሆዱ ሲረበሽ፥ በጉባኤ ፊት እንዲናገር የተጠራ ሰው አፉ ሲደርቅ ሁላችንም አይተናል። ይህ የአሳብና የሰውነት ግንኙነት ጐልቶ ከሚታይባቸው ሰዓቶች አንዱ የምጥ ሰዓት ነው። በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ያደግን ልጆች ግን «የሴቶች ጉዳይ ነው» እየተባልን ከጓዳ ስለምንባረር፥ ስለ ነገሩ የምናውቀው ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ የሰውነትን አሠራር እንመልከት። ማኅፀን ጡንቻ ነው። በምጥ ጊዜ ይህን ጡንቻ የሚያኰማትረው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ነው፤ የእንግሊዝ አገሩ ሊቅ ሄንሪ ዴል እ.ኤ.አ. በ1906 ኀይሉን በድመት ማኅፀን ላይ አይቶ ገልጿል። ሰው ሲፈራ ደግሞ አድሬናሊን የሚባል ሌላ ሆርሞን በደሙ ይሰራጫል፤ ያን ጊዜ ልብ በፍጥነት ይመታል፥ ሰውነት ይወጠራል፥ ደምም ለሩጫና ለትግል ወደ እጅና እግር ያደላል። ፍርሃቱ ሲበዛ የማኅፀን ኀይል ሊደክም፥ ምጡም ሊራዘም ይችላል። ሕመሙ በበረታ መጠን ፍርሃቱ ይጨምራል፤ ፍርሃቱም ተመልሶ ሕመሙን ያብሰዋል። ከብት የጠበቀ ሰው እንደሚያውቀው፥ ላም እንኳ ለመውለድ ስትቃረብ ከመንጋው ተለይታ ጸጥ ያለ ስፍራ ትሻለች።

እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ ስለዚህ የፍርሃትና የሕመም ዙር በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጻሕፍት ጽፏል። የሕመሙን ዋና ምክንያት ፍርሃት ማድረጉ ግን ከልክ ያለፈ ነው፤ ደፋር ሴትም ምጥ ያማታል።

እናቶቻችን ይህን ሆርሞን በስሙ ባያውቁትም መድኃኒቱን ያውቁ ነበር። ነፍሰ ጡሯን «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይሏታል። ምጥ ሲይዛት አንዷ ወገቧን ትደግፋለች፥ ሌላዋ ጀርባዋን ታሻታለች፥ የቀሩት «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ይለምኑላታል። ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላ ገንፎ ይቀርባል። ይህ ሁሉ ብቻዋን አለመሆኗን ይነግራታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ከ15,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉባቸውን 26 ጥናቶች መርምሮ፥ አጽናኝ ሰው ሳይለያቸው ያማጡ ሴቶች ምጣቸው እንደሚያጥርና በቀዶ ሕክምና የመውለዳቸው ነገር እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 እ.ኤ.አ. እያንዳንዷ እናት የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን መክሯል።

ሆኖም ደግ ቃል ብቻውን የተዘጋ መንገድ አይከፍትም፤ የሚፈስም ደም አያቆምም። ምጥ ተሰናክሎ ለቀናት ሲቆይ እናትና ልጅ ይሞታሉ፤ የተረፈችውም ፊስቱላ ሊያገኛት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ የፊስቱላ ሆስፒታል የተከፈተው ለእነዚህ እናቶች ነው። በአገራችን በጤና ተቋም የሚወለዱት በ2011 እ.ኤ.አ. ከ100 ሕፃናት 10 ያህል ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። እድገቱ ትልቅ ነው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ግን በዚያ ዓመትም በቤት ተወልደዋል።

ምክንያቱ የመንገድ ርቀት ብቻ አይደለም። አንዲት ጎረቤታችን ሁለተኛ ልጇን ጤና ጣቢያ አልወልድም ያለችው ሕመሙን ፈርታ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ጊዜ እናቷ ከበር ውጭ ቀርታ፥ እሷ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ብቻዋን ስላማጠች ነው። በቤቷ ወልዳ ደም ሲፈሳት በቃሬዛ ተሸክመው አደረሷት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ተረፈች። እናቷ በመጀመሪያው ቀን አጠገቧ እንድትቀመጥ ቢፈቀድ ኖሮ ያ ቃሬዛ ባላስፈለገ ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ነፍሰ ጡር በቤታችሁ ስትኖር አብራት የምትገባውን ሴት አስቀድማችሁ ከእርሷ ጋር ምረጡ፤ በክትትሉም ጊዜ አዋላጇን ጠይቁ። ቤቱ ሩቅ ከሆነ ቀኗ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ ውሰዷት። እኛም ተማሪዎች የመጀመሪያ ልጇን በምትጠብቅ እኅታችን ፊት የሚያስፈራ ወሬ ከማውራት እንቈጠብ። የጎረቤት እጅና የሐኪም እጅ በአንድ አልጋ አጠገብ ይገናኙ፤ ያን ጊዜ እናት ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ አትገደድም።