የተሰኪዎች ግጭትና የስሕተት መልእክቶች አነባበብ

የትምህርት ቤት ድረ ገጽ የፈተና ፕሮግራም፣ የምዝገባ ማስታወቂያና የተማሪዎች ጽሑፍ የሚወጣበት ሰሌዳ ነው። በምዝገባ ሰሞን ይህ ሰሌዳ ድንገት ባዶ ነጭ ገጽ ሆኖ ቢቀር ወላጆች ይጉላላሉ፤ ደንግጦ ያገኘውን ሁሉ የሚሠርዝ ሰው ደግሞ የዓመታት ሥራ ሊያጠፋ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የብልሽቱ ምንጭ በምን ዘዴ እንደሚፈለግ በወርድፕሬስ ምሳሌነት ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ወርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2003 በማት ሙለንዌግና በማይክ ሊትል የተጀመረ፣ በነጻ የሚገኝ የድረ ገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። ከ2004 ጀምሮም ፕለጊን ወይም ተሰኪ የሚባሉ ተጨማሪ ክፍሎችን ይቀበላል። አንዱ ተሰኪ የመመዝገቢያ ቅጽ፣ ሌላው የፎቶግራፍ ማሳያ ይጨምራል።

ታዲያ ግጭት ለምን ይነሣል? ተሰኪዎቹን የሚጽፉት የማይተዋወቁ ሰዎች ሲሆኑ፣ ተሰኪዎቹ ግን የሚሠሩት በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱ ለየራሳቸው ትእዛዝ አንድ ዓይነት ስም ቢሰጡ፣ ፒ.ኤች.ፒ. የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ይህ ስም ቀድሞ ተይዟል» ብሎ ሥራውን ያቆማል። እንዲሁም ለአሮጌ የፒ.ኤች.ፒ. እትም የተጻፈ ተሰኪ በአዲሱ ላይ ሊሰናከል ይችላል።

የስሕተት መልእክት ሲታይ ሦስት ነገሮችን እንፈልግ፤ ይኸውም የስሕተቱን ዓይነት፣ የፋይሉን አድራሻና የመሥመሩን ቁጥር ነው። «ዋርኒንግ» ማስጠንቀቂያ ሲሆን ሥራው ይቀጥላል፤ «ፌታል ኤረር» ግን ሥራው መቆሙን ይገልጻል። በፋይሉ አድራሻ ውስጥ የተሰኪው ስም ስለሚገኝ ተጠርጣሪውን ይጠቁመናል። ሆኖም የተጠቀሰው ፋይል የወደቀው እንጂ ሁልጊዜ የጣለው አይደለም። «134217728 ባይት አልቋል» የሚል መልእክት ደግሞ የተፈቀደው 128 ሜጋባይት ሜሞሪ መሙላቱን ያመለክታል፤ ተማሪዎች 128ን ሁለት ጊዜ በ1024 አባዝተው ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

ፍለጋው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢካሄድ መልካም ነው።

1. ከሁሉ በፊት የፋይሎቹንና የዳታቤዙን ቅጂ እናስቀምጥ።

2. መልእክቱን ቃል በቃል እንጻፍ፤ በመጨረሻ ምን እንደተለወጠም እናስታውስ። ገጹ ነጭ ከሆነ የአስተዳዳሪውን ኢሜይል እንመልከት፤ ከ2019 (እትም 5.2) ወዲህ ወርድፕሬስ ራሱ መግቢያ የሚሆን ማያያዣ ይልካልና።

3. ሁሉንም ተሰኪዎች እናቁም። ማቆም መሠረዝ አይደለም። ወደ አስተዳደሩ ክፍል መግባት ካልተቻለ፣ በሰርቨሩ ላይ የተሰኪዎቹን ፎልደር ስም መለወጥ ሁሉንም ያቆማቸዋል። ይህም ሆኖ ብልሽቱ ካልጠፋ ምንጩ ሌላ ስለሆነ የገጹን ቴም እንመርምር።

4. ብልሽቱ ከጠፋ ግማሾቹን ብቻ እናስነሣ። ብልሽቱ ከተመለሰ ተጠርጣሪው ከእነዚህ መካከል ነው፤ ካልተመለሰ ከቀሩት ነው። በዚህ አኳኋን ከ16 ተሰኪዎች አንዱ ጥፋተኛ በ4 ሙከራ ይለያል።

5. ሁለቱም ግማሾች ለየብቻቸው ደኅና ሆነው አብረው ሲሆኑ ብቻ ከተበላሹ፣ ግጭቱ በሁለት ተሰኪዎች መካከል ነው ለማለት ይቻላል። እንግዲህ አንዱን ግማሽ እንዳለ ትተን ሌላውን እየከፈልን አንደኛውን እንለይ፤ ከዚያም እርሱን ይዘን ባልደረባውን እንፈልግ።

ጥፋተኛው ሲታወቅ ማደስ፣ በሌላ መተካት ወይም ለጸሐፊው መልእክቱን መላክ ይቻላል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን መጻፍ በሳይንስ ክፍል የምናስተምረው የሙከራ ሥርዓት ነው። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ለውጦ ገጹ ቢስተካከልለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው የማያውቅ ሰው፣ ብልሽቱ ነገ ሲመለስ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የተባለው ለዚህም ሥራ የሚስማማ ነው።