ክፉ ቀን የማን ትምህርት ነው?

ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር ሲጓዙ ጋሸናን አልፈው ፍላቂት ይደርሳሉ። የዚህ የመቄት ደጋ ገበሬ፣ ውርጭ በአንድ ሌሊት ገብሱን ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጁ ግን ብርዱን ሰውም ሊያመጣው እንደሚችል ሊማር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ አሜሪካና ሩሲያ በኑክሌር ቢዋጉ ከሚነዱት ከተሞች የሚነሣው ጥላሸት ፀሐይን ይጋርዳል፣ ምድርም ትቀዘቅዛለች፤ ከ5 ቢሊዮን በላይ ሰው በረሃብ ሊያልቅ ይችላል። ቦምቡ የፊዚክስ ነው፣ ጥላሸቱ የአየር ንብረት፣ ረሃቡ የግብርና፣ ጦርነቱ የፖለቲካ። ታዲያ የትኛው ትምህርት ክፍል ያስተምረው?

እኔ ብሆን የምጀምረው ከራሳችን ክፉ ቀን ነው። 1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ እንደገባ የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። ከአገሩ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን እንደፈጀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ገበሬው ቀንበሩን ሰቀለ፤ ድርቅና አንበጣ ተደረበበት። አፄ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል ይባላል። የዘርፉ ጠበብት «የህልውና አደጋ» የሚሉት የሰውን ዘር የሚያጠፋ ወይም የወደፊት ዕድሉን ለዘለቄታው የሚያሰናክል አደጋን ነው፤ በዚህ ትርጉም ክፉ ቀን የህልውና አደጋ አልነበረም። ግን የእንስሳት ሐኪሙ ቫይረሱን፣ የታሪክ ተማሪው ወረራውን፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪው የእህል ዋጋውን ለየብቻ ይዘው ቢቀመጡ አንዳቸውም ያን ዘመን አይረዱትም።

ደስታ በሽታ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከዓለም የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው፤ መጥፋቱ የታወጀው በሰኔ 2003 ዓ.ም. ነው። ቫይረሱ ግን በጥቂት ላቦራቶሪዎች እስካሁን ይኖራል። ይህን ቫይረስ እንዲይዙ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተፈቀደላቸው አንዱ እዚሁ ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። ማቀዝቀዣው መብራት ቢጠፋበት ምን ይሆናል? ቁልፉን ማን ይይዛል? ቢያመልጥ ተጠያቂው ማን ነው? እነዚህ የምህንድስና፣ የአስተዳደርና የሕግ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለእንስሳት ሐኪም ብቻ የሚተዉ አይደሉም።

ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ካለ ነገር ራሱን ሲያርቅ አልኖረም። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው እዚያ የገባውን ረሃብ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አመጡ፤ መንግሥት ሲሸፋፍን ተማሪው ተቃውሞ ወጣ። ከዓመታት በኋላ የኢኮኖሚክስ ሊቁ አማርትያ ሴን የዚያን ረሃብ መዝገብ ሲመረምር፣ ሰው እየሞተ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አሥመራ ይወጣ እንደነበር አሳየ። የጎደለው የመግዣ አቅም ነበር።

የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ፣ አንድ ሴሚስተር ብቻ ሞክሩት፤ የእንስሳት ሕክምናውን፣ የሕጉን፣ የታሪኩንና የምህንድስናውን ተማሪ አንድ ክፍል አስገቡና የቢሾፍቱውን ማቀዝቀዣ የጋራ የቤት ሥራ አድርጋችሁ ስጧቸው።